በመዝገብ ያልተገኘ ቃል

ሰው በማኅበር በኖረበት ስፍራ ሁሉ ከአደባባዩ ቋንቋ ሌላ የጓዳ ቋንቋ አይጠፋም። ነጋዴው ዋጋውን ከገዢው፣ አዝማሪው ምክሩን ከጋባዡ ሲሰውር ኖሯል፤ ዎልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅም የእነዚህንና የዛር ያለባቸውን ሰዎች ልዩ አነጋገር ሰብስቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ሕፃናትስ ቢሆኑ በቃሉ መካከል ባዕድ ፊደል እየሰነጉ «የወፍ ቋንቋ» ይሉት የለምን? የቅኔ ተማሪ ግን ለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የተመቸ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰሙን ከወርቁ ሲያጣምር የዋለ ልጅ ማታ ጎጆው ሲገባም ምላሱ አያርፍምና።

በጎጃም በአንድ ቅኔ ቤት፣ በአንዲት ጎጆ የሚያድሩ ሁለት ባልንጀሮች ነበሩ። አኩፋዳቸውን አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከየደጁ ለምነው ሲመለሱ፣ የደረቀውን ቁራሽ «ብሉይ»፣ ትኩሱን «ሐዲስ» ይሉታል። ደግ እመቤት ያለችበት ቤት «ቃና ዘገሊላ» ነው፤ ባዶ እጅ የሚያሰናብተው «ነነዌ»። ውሻውንማ «ዐቃቤ ሰዓት» ብለው ሾመውት ነበር፤ ሹመቱ ለውሻ አይገባም የሚል ቢኖር ባቱን ተነክሶ የማያውቅ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሥር ያላቸው ቃላት ናቸው፤ መምህር ቢሰማቸው ጥቂት አስቦ ይፈታቸዋል። አንዱ ግን ከስሕተት ተወለደ። ከሁለቱ አንደኛው በሌሊት ግሥ ሲያወርድ እንቅልፍ ተጫነውና ማህረከን ከቀተለ ጋራ አጋጭቶ «ማህተለ» አለ። ባልንጀራው «ትርጓሜው ምንድር ነው?» ቢለው፣ «ጠገበ» ብሎ መለሰ። በዚያ ሌሊት ሁለቱም ጦማቸውን ያደሩ ነበሩና ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም። ከዚያ ወዲያ «ማህተለ» ማለት ሳይጠግብ የጠገበ መሰለ ማለት ሆነ።

ቆይቶ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ታናሽ ልጅ በጎጆዋ ተጨመረ። ገና ለመለመን የሚያፍር ስለ ነበረ አኩፋዳው ባዶውን የሚመለስበት ቀን ይበዛል። ሁለቱም ቁራሹን ወደ እርሱ ይገፉና አንዱ «ማህተልኩ» ሲል ሌላው «እኔም ማህተልኩ» ብሎ ይስቃል። ልጁ እየበላ ያዳምጣል፤ ቃሉን በግሡ ሁሉ ቢፈልገው አያገኘውም። የሁለት ሰው ቃል ለሦስተኛው የተዘጋ በር ነው፤ በውስጥ ያሉት ግን መዝጋታቸውን እንኳ አያውቁትም። አንድ ቀን ሳይነጋ ደበሎውን ለብሶ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄደ። እነርሱም «አገሩ ናፍቆት ይሆናል» ተባባሉ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአንድ የበዓል ቀን ሦስቱ በአንድ ማዕድ ተገናኙ። ታናሹ የብዙ ደቀ መዛሙርት መምህር ሆነው ነበር። ከጸሎተ ማዕድ በኋላ ወደ ሁለቱ ዘወር ብለው፣ «አንድ ቃል ልጠይቃችሁ። በ1948 ዓ.ም. በታተመው በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ፈልጌ አጣሁት። ማህተለ ማለት ምንድር ነው? ስድብ ከሆነም ንገሩኝ፤ አሁን አልቀየምም» አሉ።

አንደኛው የያዙትን እንጀራ መልሰው አኖሩት። ሌላው እየተንተባተቡ ነገሩን ከሥሩ አወሩላቸው። መምህሩ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣

«እንግዲያስ በየማታው የበላሁት የእናንተን ራት ኖሯል» አሉ።

«አይዘኑ፤ የሚበዛው ብሉይ ነበር» አሏቸው።

ይህንም ቃል ደግሞ ሊፈቱላቸው ግድ ሆነባቸው።