ሞተሩ ሳይሞቅ

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ከገባ ውርጭ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመኪና መስታወት ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር መፋቅ ሹፌሩ ሁሉ የለመደው ሥራ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ፀሐይ ወጥታ ሜዳውን እስክታሞቀው ድረስ ደጅ ያደረ መኪና ሁሉ በየግቢው ሲያጉረመርም፣ ሲንኳኳ፣ ሲያፏጭ ይሰማል። ሙያዬን የተማርኩት በዚህ ብርድ ውስጥ ነው። ጋራዡ ጠባሴ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የነበረ፣ ግማሹ በቆርቆሮ የተሸፈነ ግማሹ ሜዳ የሆነ ግቢ ነበር። የገባሁት በ2004 ዓ.ም. ነው፤ መፍቻ አቀባይ ሆኜ።

ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ያን ጊዜ ስድሳን ተሻግረዋል። ድምፅ አለው ተብሎ መኪና ሲመጣላቸው ሹፌሩን ከመጠየቃቸው በፊት ኮፈኑን ያስከፍቱና መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ቴስታታው ላይ ያሳርፋሉ። ለብ ካለ አለቀ። «ይሄ ሞቋል። አሁን ብሰማው የሚነግረኝ ውሸት ነው። ማታ አምጣውና እዚህ ይደር፤ ጠዋት አብረን እናስነሳዋለን» ይላሉ።

ሹፌሮች በዚህ ይናደዱ ነበር። አብዛኞቹ መኪናውን ቤታቸው አስነስተው፣ በደንብ አሙቀው፣ ሰላም ሆኖ ሲሄድ ነው ወደ እኛ የሚያመጡት። መኪናው ደግሞ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዝም ይላል። «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ነው እኮ የሚጮኸው» ይላሉ። «እኔም የምልህ ይህንኑ ነው» ይሏቸዋል። አንዳንዱ ተናዶ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄድ ነበር፤ እዚያም የሞቀውን ሞተር አዳምጠው የመሰላቸውን ይነግሩታል። እኔ እስከ ዛሬ የማዝነው በዚህ ነው። ያልተሰማ ድምፅ ተገምቶ ስንት ደኅና ሞተር ወርዷል፤ ስንት ሰው ዕቁቡን ይዞ ላልጎደለ ዕቃ ከፍሏል።

ብርድ ሞተርን የሚለውጥበት መንገድ ብዙ ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ወፍሮ ወደ ታች ኮፓው ውስጥ ይወርዳል፤ ላይ ያሉት ክፍሎች ለጥቂት ሰከንድ ያለ በቂ ዘይት ይሽከረከራሉ። ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ የሚመላለስበት ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ብረት ነው፤ አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል። ባትሪውም ይደክማል፤ ሞተሪኖው ወፍራም ዘይት ውስጥ ያለውን ሞተር ለማዞር የበለጠ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው የሚሰጠው ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ከተንዘፈዘፈ ጋሼ ሞተሩን አይነኩም፤ የባትሪውን እግር ያስፈቱና ነጭና አረንጓዴ ሆኖ የተጋገረውን በሙቅ ውኃ ያሳጥባሉ። ሲነሳ ፉጨት ካሰማና ቺንጋው ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ ሲደረግበት ፉጨቱ ከተለወጠ ነገሩ ቺንጋው ጋ ነው። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው፤ ለእኛ ለጀማሪዎች ይተዉልን ነበር።

ናፍታ ግን የራሱ ዓለም አለው። ከአዲስ አበባ መስመር የሚሠራ አንድ ሃይኤስ ሚኒባስ ትዝ ይለኛል። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላል፤ ሞተሩ ደግሞ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ ይመስል ነበር። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ያለውን ፍርሃት አሁንም አየዋለሁ። «ብሮንዚን ነው ብለውኛል» አለ፤ የሞተሩ ኮሎ የሚሽከረከርበት ማረፊያ አልቋል ማለቱ ነው።

ጋሼ የናፍታን ነገር ያስተማሩኝ ያን ቀን ነው። ናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን በኃይል አምቆ በዚያ ሙቀት ናፍታውን ያነድዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ 30 በመቶ ያነሰ ነው፤ የሚታመቀው አየር ራሱ ጥቂት ነው፤ ብረቱም በረዶ ሆኖ ያድራል። ናፍታው ቶሎ አይቀጣጠልም፤ እየዘገየ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የምንሰማው ምት እሱ ነው። ለዚህ ነው ከመነሳቱ በፊት ውስጡን የሚያሞቁ ካንዴሌታዎች የተሠሩለት።

«አሥራ ሰባት ቁልፍ አምጣ» አሉኝ። ሞተሩ እየሠራ የመጀመሪያውን ሲሊንደር የኖዝል ቱቦ በጥቂቱ አላሉ፤ ናፍታው አፈተለከ፣ ሞተሩ ተንገዳገደ። መልሰው አጠበቁ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲያላሉ ግን ሞተሩ ምንም አልመሰለውም፤ ምቱ ግን ጠፋ። ቀና ብለው አዩን። ያ ሲሊንደር በብርዱ ሰዓት የሚያደርገው ሥራ የለም፤ የሚያሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ካንዴሌታዎቹን የሚያገናኘውን ሰሌዳ አስፈቱኝና ባለ 12 ቮልት አምፖል በሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ እያንዳንዱ ጫፍ አስነኩኝ። ሦስቱ አበሩ፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ጨለመ። አንድ ካንዴሌታ ተቃጥሏል፤ በቃ። ወጣቱ ሾፌር አምፖሉን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ደገመው፤ እስኪያምን ድረስ ደጋገመው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የአንዲት መምህርት ቪትዝን ነው። ታኅሣሥ ነበር። መኪናዋ 1.3 ሊትር፣ ካቴና ያላት ናት። ጠዋት ስትነሳ ከፊት በኩል «ክርርርር» የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ወዲያው ይጠፋል። ሌላ ቦታ አሳይታው ካቴናው ተለጥጧል፣ ሞተሩ ተከፍቶ ካቴናውና መወጠሪያው መለወጥ አለበት ብለዋታል። ዋጋውን ስትነግረን ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋሼ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን አሳረፉ። «የኔ ልጅ፣ መኪናዋ እዚህ ትደር፤ ነገ ጠዋት መምጣት ትችያለሽ?»

«ክፍል አለኝ ጋሼ። ሁለት ሰዓት ላይ።»

«12 ሰዓት ተኩል ነይ። ለክፍልሽ ትደርሻለሽ።»

በማግስቱ ነጠላዋን በሹራቧ ላይ ደርባ ቀድማን ደርሳ አገኘናት። ጋሼ ለእኔ ረጅሙን ካቻቢቴ ሰጡኝ፤ ጫፉን የካቴናው ሽፋን ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር። እሳቸው መሪው ጋ ተቀምጠው ዳሽቦርዱን ነው የሚያዩት። ለእሷ ደግሞ «አንቺ ድምፁ ሲቆም እጅሽን አንሺ» አሏት። ቁልፉን አዞሩ።

ካቻቢቴው ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ውጭ ከሚሰማው በጣም የከበደ ነበር፤ ላላ ያለ ብረት ብረትን የሚገርፍ ድምፅ። ለሦስት ሰከንድ ያህል ቆየ። መምህርቷ እጇን አነሳች፤ ጋሼም በዚያው ቅጽበት «ጠፋ» አሉ። እኔ ድምፁን ያሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ያሉት ቀዩን የዘይት መብራት ነው። መብራቱና ድምፁ አብረው ነበር የጠፉት።

ሞተሩን አጥፍተው ወዲያው መልሰው አስነሱት። ድምፅ የለም፤ መብራቱም ፈጥኖ ጠፋ። «ዘይቱ አሁን ላይ ነው፤ ገና አልወረደም» አሉ። የዚህ ሞተር ካቴና የሚወጠረው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ እስኪደርስ ካቴናው እየላላ ይመታል። ስለዚህ ካቴናውን ከመክሰስ በፊት ዘይቱ ለምን ዘገየ ብሎ መጠየቅ ይገባል። መምህርቷን ወደ ትምህርት ቤቷ ሸኟት፤ መኪናዋ ሌላ ሌሊት እኛ ዘንድ አደረች። ሁለተኛው ጠዋት ላይ ሞተሩ ሳይነሳ ፊልትሮውን ፈታሁት። ዘይት ይፈሳል ብዬ ጣሳ ደግኜ ነበር፤ የወረደው ግን ትንሽ ነው። ባዶውን አድሯል ማለት ነው።

ጋሼ ፊልትሮውን ገልብጠው በአፉ ዙሪያ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ውስጡን በቀጭን ሽቦ ነኩት። እዚያ ውስጥ ዘይቱ ሌሊት ወደ ኮፓው እንዳይመለስ የሚከለክል የላስቲክ ቀለበት አለ። ከዕቃ ቤት አዲስ ደኅና ፊልትሮ አመጡና በዚያው ሽቦ አስነኩኝ፤ ላስቲኩ ይታጠፋል፣ ሽቦው ሲነሳም ተመልሶ ይገጥማል። የመምህርቷ ግን ደርቆ እንደ ፕላስቲክ «ቀጭ» ይላል፤ በአንድ በኩል ከብረቱ ጋር አይገናኝም። ርካሽ ፊልትሮ ነው፤ ውጭው አምሮ የተቀባ። ዘይቱም ለዚህ ሞተርና ለዚህ ብርድ የማይሆን፣ የወፈረ 20ደብሊው-50 ነበር። ደኅናውን ፊልትሮ አስረን፣ 5ደብሊው-30 ሞልተን አሳደርነው።

በሦስተኛው ጠዋት ቁልፉን ያዞረችው መምህርቷ ራሷ ናት። «ክር» አለና ወዲያው ጸጥ አለ። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ጋሼ ግን ያልሆነውን ሆነ አላሏትም። «ካቴናው አርጅቷል፤ አዲስ አይደለም። ዛሬ የሚለወጥበት ምክንያት ግን የለም። ከሞቀ በኋላም መጮህ ከጀመረ ወይም ጠዋት ጠዋት ድምፁ እየረዘመ ከመጣ ሳትቆዪ ነይ» አሏት። የተቀበሏት የፊልትሮና የዘይት ዋጋ፣ በዚያ ላይ ለእጃቸው ትንሽ ነገር ነው። ይህን ሐቀኝነት ከመፍቻ አያያዝ በፊት ነው የተማርኩት፤ ያን ጠዋት ባላይ ኖሮ ሌላ ዓይነት መካኒክ እሆን ነበር።

ከሙቀት ጋር የሚጠፋ ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የጭስ ኮሌተሩ ጓርኒሲዮን ሲነፍስ ጠዋት «ጭክ ጭክ» ይላል፤ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ክፍተቱን ይደፍነዋል፤ ጥቁር ጥላሸት በመገጣጠሚያው ላይ ትቶ ራሱን ያጋልጣል። ይህን ችላ ማለት ጭሱን ወደ ጋቢና መጋበዝ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ብርድ የሚደብቀው ድምፅ ነው። ወፍራም ዘይት በብሮንዚኑና በኮሎው መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ያፍነዋል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ምቱ ይወጣል።

ጭነት ይዞ ወደ ደሴ የሚያልፍ የአይሱዙ ሾፌር እንዲህ ያለ ድምፅ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጠዋት ሰላም ነው። ሲሞቅ ብቻ ነው ከታች ዱግ ዱግ የሚለው። ጣርማ በርን ልለፍና ደሴ አሠራዋለሁ።» ጋሼ ለእሱ ሌሊቱን ይደር አላሉትም። እዚያው ሞቆ እያለ የኖዝል ቱቦዎቹን በየተራ አላሉ፤ የሁለተኛው ሲላላ ምቱ ለሰለሰ። ትንሽ ዘይት ከኮፓው በነጭ ጨርቅ ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ብረት ጨርቁ ላይ ቀረ። ቁልፉን ከመኪናው ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ሾፌሩ ጮኸ፣ ለመነ፣ ለባለንብረቱ ደወለ። «ቢየላው ቁልቁለት ላይ ሞኖብሎኩን ሰብሮ ከሚወጣ እኔን ብትጠላኝ ይሻላል» አሉት። ኮፓው ሲወርድ የሁለተኛው ብሮንዚን ግራጫው ገጽ አልቆ መዳቡ ወጥቶ ነበር። ሾፌሩ በጣቱ ዳሰሰው፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

አሁን የራሴን ጋራዥ ይዣለሁ። ሰዎች ድምፁን በስልክ ቀድተው በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አብዛኛው የተቀዳው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት መቅዳት ጀምሩ፣ ዳሽቦርዱም ይታየኝ እላቸዋለሁ። ባለፈው ክረምታቸው ሚኒሶታ ያለው የአጎቴ ልጅ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ የቆየች መኪናውን ሲያስነሳ የቀዳውን ላከልኝ፤ ረጅም ማቃሰት ነው የሚሰማው። ሞተሩ ሊበላሽብኝ ነው ብሎ ተጨንቋል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት፤ ገና እንደተነሳ ከመኪና ማቆሚያው ለመውጣት መሪውን እየጠመዘዘ ነው።

«ነገ ጠዋት መሪውን ሳትነካ አስነሳው፤ ትንሽ ቆይተህ ጠምዝዘው» አልኩት።

በማግስቱ የላከው ላይ ሞተሩ በሰላም ተነሳ፤ መሪው ሲዞር ማቃሰቱ መጣ። የመሪውን ዘይት እንዲያይ ነገርኩት። ከዝቅተኛው ምልክት በታች ወርዶ፣ ከአንደኛው ቱቦ ማሠሪያ ሥር እያዣ ነበር።