የመልስ መንገድ

ሙቀት ዳኛ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ሁሉ የችኮላ በሆነ ነበር። በግንቦትና በሰኔ ከድሬዳዋ ወደ ጀልዴሳ የወረደ መንገደኛ ይህን ሳይነገረው ያውቃል። በዚያ ሰዓት የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ ቢቆም ተሳፋሪው ባንድ አፍ «ጋዙ አልቋል» ይላል፤ ባለመኪናውም ልቡ ወደ ከፋው ግምት ይሮጣል። እኔም ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ብልሽት ስለ ፍርድና ስለ መንገድ ብዙ ስላሳሰበኝ ነው።

አንባቢ እንደሚያውቀው ጀልዴሳ በዘመኗ የሲራራ ንግድ መሸጋገሪያ ነበረች። ከዘይላ ወደብ በረሃውን አቋርጠው የሚመጡት ግመሎች ሸክማቸውን እዚያ ያራግፋሉ፤ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት በቅሎዎችና አህዮች ይረከቡታል። ከደጋ የወረደው ቡናና ቆዳ ደግሞ በግመል ጀርባ ወደ ባሕር ይጓዛል። በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦም ያለፈው በዚሁ መሥመር ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ጭነቱ ሌላ መንገድ አገኘ።

በመኪና ውስጥም እንደ ጀልዴሳ ያለች ጣቢያ አለች። መካኒኮች «ሬሌ» ይሏታል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ በጥንት ትርጉሙ የደከመ ፈረስ በሌላ የሚለወጥበትን ሥፍራ ያመለክታል። ይህች አነስተኛ ሣጥን ከሹፌሩ ቁልፍ ደካማውን ትእዛዝ ተቀብላ ለብርቱው ኤሌክትሪክ በር ትከፍታለች።

ከጀልዴሳ ወደ ድሬዳዋ በሚኒባስ ሰው የሚያመላልስ አንድ ወዳጅ አለኝ። እናቱ የልብ ሕመምተኛ ናቸውና ለሕክምና ቀጠሮአቸው የሚሄዱት በዚያችው መኪና ነው፤ ሐኪማቸውም ከብርቱ ሙቀት እንዲጠበቁ መክሯቸዋል። ማቀዝቀዣው ግን ማለዳ ይሠራና እናትየው በሚመለሱበት በቀትር ያቆማል። መኪናዋን ያየ አንድ ጋራዥ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፤ ይለወጥ» ብሎ ፈረደ። ለመግዣው እናትየው ሁለት የሚታለቡ ግመሎቻቸውን ለመሸጥ ቆረጡ። መድኃኒታቸው የሚገዛው ደግሞ ከነዚያው ግመሎች ወተት በሚገኝ ገንዘብ ነበር።

ከሽያጩ በፊት መኪናዋን የተመለከቱት፣ ከድሬዳዋ የምድር ባቡር ጥገና ቤት በጡረታ የወጡ አንድ አረጋዊ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው።

«ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል ብለውኛል» አላቸው ወዳጄ።

«ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም። ሞተሩን አስነሣ ልጄ» አሉት።

ኮፈኑ ተከፈተ። ከክሩስኮቱ ነፋስ ይወጣል፤ ነገር ግን ትኩስ ነው። ቺንጊያው የኮምፕሬሰሩን መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩን ከኮምፕሬሰሩ ዘንግ ጋር ማጣበቅ የሚገባው የኤሌክትሪክ ክላች ግን አይነሣም። የዚህን ክላች ውለታ የሚያውቅ የጥንቱን ያስታውስ፦ የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ በ1932 ዓ.ም. ማቀዝቀዣ የተገጠመለት መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ክላች አልነበረውምና፣ ማቀዝቀዣውን ለማጥፋት መኪናውን አቁሞ ቺንጊያውን በእጅ ማውለቅ ያስፈልግ ነበር።

ሽማግሌው ፊውዙን አዩ፤ ደኅና ነው። የማቀዝቀዣውን ሬሌ አውጥተው በአምሳያው በክላክሱ ሬሌ ተኩት፤ ለውጥ የለም። የመፈተሻ መብራታቸውን አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከክላቹ ፖዘቲቭ ሽቦ ጋር ሲያገናኙ መብራቷ ቦግ አለች። ጋዙ ፈጽሞ አልቆ ቢሆን የግፊት መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን ከመንገድ ባስቀረው ነበር፤ ስለዚህ እርሱም ከክሱ ነጻ ወጣ። ከዚህ ላይ የሚያቆም ሰው «ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ ነው» ብሎ መፍረዱ አይቀርም።

እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሄጃውን አየን፤ መመለሻውን ማን አየው?» ብለው የቮልት መለኪያቸውን አወጡ። ክላቹ ሳይነቀል፣ ሞተሩ እየሠራ ለኩ። ባትሪው ላይ 14 ቮልት፣ ወደ ክላቹ በሚገባው ሽቦ 13.6 ቮልት ተነበበ። ከክላቹ የመልስ ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ ለዜሮ የቀረበ መሆን ሲገባው 4 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ለክላቹ የተረፈው እንግዲህ 9.6 ቮልት ብቻ ነው። የመዳብ ሽቦ ሲግል ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ስለሚጨምር፣ በማለዳ በጭንቅ ይበቃ የነበረው ኃይል በቀትር አነሰ።

የመልሱ ሽቦ ከመኪናዋ አካል ጋር የታሠረበት ብሎን ዝጎ ነበር። ሽማግሌው ፈቱት፤ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈጉት፤ አጥብቀው ካሠሩት በኋላ ከላዩ ግራሶ ቀቡት። ሞተሩ ሲነሣ ክላቹ «ጠቅ» አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ቀዝቃዛ አየር ወጣ። ለድካማቸው የጠየቁት የአንድ ቀን ወተት ነው። ግመሎቹም ሳይሸጡ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ በጀልዴሳ ባለፍሁ ቁጥር የሲራራ ነጋዴውን አስባለሁ። ግመሉን ወደ ባሕር ሲሰድ ከሚያገኘው ትርፍ እኩል የሚያስጨንቀው፣ ግመሉ ምን ጭኖ በየት እንደሚመለስ ነበር። ኤሌክትሪክም ከዚህ ሕግ አይወጣም፤ የወጣው ሁሉ ወደ ምንጩ ካልተመለሰ ሥራ የለም። እኛ ግን ዓይናችን በመሄጃው ላይ ይተከልና፣ መመለሻው ሲዘጋ ከመንገዱ መሀል የቆመውን እንወቅሳለን። ጀልዴሳን «የሞተች ከተማ» የሚላት ሰው ከዚያ ጋራዥ ፍርድ ምን ያህል ይርቃል? ሐዲዱ በሌላ በኩል ቢያልፍም ጀልዴሳ ዛሬም ሰው ይኖርባታል፤ ግመል ይታለብባታል፤ በቀትርም ከሐኪም ዘንድ የሚመለሱ አንዲት እናት ይጠበቁባታል።