ደብተሩን ልኬልሻለሁ

ጣርማ በር፣ ጥር 25 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ውርጩ ዘንድሮ በርትቷል። ጉሙም ከመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ አልነሣ እያለ መኪናው ሁሉ በቀትር መብራት አብርቶ ያልፋል። እናትሽ የጥምቀት ዕለት እስኪመሽ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። እንደማትመጪ ስታውቅ ላንቺ ያስቀመጠችውን ለጎረቤት ልጆች አካፍላ በጊዜ ተኛች። እኔም ያን ዕለት ሥራ ላይ መዋልሽን የሰማሁት ኋላ ነው።

እሑድ በስልክ ያልሽኝ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። «አባዬ፣ ከመስከረም ጀምሮ ሱፐርቫይዘር አድርገውኛል፤ አለቃ ስለሆንኩ ኦቨርታይም አይታሰብልኝም» አልሽኝ። ስትነግሪኝ ደስ ብሎሽ ነበር፤ ደስታሽን እንዳላጠፋ ብዬ ያኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም፤ በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነም ጻፍኩልሽ።

ልጄ፣ አለቃ ማለትና በሕግ «የሥራ መሪ» ማለት አንድ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማይመለከተው የሥራ መሪን ነው። እሱም የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም ወይም ሰው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመቅጣት ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው ነው። እስቲ ራስሽን ጠይቂ። ማንን ቀጥረሽ ታውቂያለሽ? ማንን ማሰናበት ትችያለሽ? እንደነገርሽኝ የቀረ ሰው ትመዘግቢያለሽ፤ ማሽን ሲቆም ጥገና ትጠሪያለሽ፤ ሰው ሲጎድል ደግሞ ራስሽ ማሽኑ ላይ ትቆሚያለሽ። ፈቃድ እንኳ የሚሰጠው የሰው ኃይል ቢሮው ነው። ስምሽ ተቀየረ እንጂ ሥራሽ አልተቀየረም። መብትሽን የሚወስነው ደግሞ የምትሠሪው ሥራ ነው እንጂ ደረትሽ ላይ ያንጠለጠሉልሽ ባጅ አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ደመወዝሽ 2,080 ብር ነው። በ26 የሥራ ቀን፣ ቀኑንም በ8 ሰዓት ብታካፍዪው ሰዓቱ 10 ብር ይመጣል። አዋጁ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈል ይላል፤ ላንቺ 15 ብር ማለት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። አንቺ በሳምንት አራት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ታመሻለሽ፤ 120 ብር። እሑድ አራት ሰዓት ትገቢያለሽ፤ 80 ብር። በሳምንት 200፣ በአራት ሳምንት 800 ብር። የሹመት ብለው የጨመሩልሽ 250 ብር ነው። የጥምቀቱን ቀን እዚህ ውስጥ አላስገባሁትም፤ እሱ ለብቻው ይታሰባል።

ደግሞ ልብ በይ፣ የምትሠሪው ትርፍ ሰዓት በሳምንት 12 ደርሷል። ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ጣሪያ ይኸው ነው፤ በቀንም ከ4 ሰዓት አይበልጥም። ያውም እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሰው መተካት ያለ ምክንያት ሲገጥም ነው እንጂ ወር በገባ ቁጥር የሚደገም ልማድ ሊሆን አይገባውም ነበር።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ ትይኝ ይሆናል። በራሴ ደርሶብኝ ነው። እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽም አፍሬ ነው።

በ1997 ቃሊቲ በአንድ ፋብሪካ ስሠራ የፈረቃ ኃላፊ አደረጉኝ። አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ስወጣ ተኝተሻል፣ ስገባ ተኝተሻል። አንድ ማታ እናትሽ «አባቷ እሑድ እሑድ የሚመጣ እንግዳ ይመስላታል» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ስሠራ የትርፍ ሰዓት አምስት ሳንቲም አልተቆረጠልኝም። በጠየቅኩ ቁጥር «እናየዋለን» ይሉኛል፤ እኔም የሰው ቃል አክብሬ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ አቤት ስል የሠራሁበትን ሰዓት የሚያሳይ አንድ ወረቀት የለኝም። ከዚያ የባሰው ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ ይርጋ አግዶታል ተባልኩ። ያኔ ይሠራ የነበረው አዋጅ 377/1996 ነው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ከሚገባበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር ካለፈው መብቱ ይቀራል ይል ነበር። ያሁኑም እንደዚያው ይላል። የቀረብኝን ገንዘብ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አስቤው አላውቅም። ያንቺን ስድስተኛና ሰባተኛ ዓመት ግን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ገብቼ ኮሚቴ የሆንኩትና አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የኔ ዓለም፣ ቀኑን ቁጠሪ። መስከረም መጨረሻ ሊከፈልሽ ይገባ የነበረው መጋቢት መጨረሻ ላይ ይርጋ ይመታዋል። የጥቅምቱ ሚያዝያ ላይ፣ የኅዳሩ ግንቦት ላይ፣ እንዲህ እያለ እየተቆረጠ ይሄዳል። አለቃሽ በቃሉ «እንነጋገራለን» ቢልሽ ጊዜው አይቆምም። «አለብን» ብሎ በጽሑፍ ካመነልሽ፣ ወይም አንቺ ጉዳዩን ሥልጣን ላለው አካል ካቀረብሽ ግን ይቋረጣል።

እንደምትፈሪ አውቃለሁ። «ብናገር ያባርሩኛል» የሚለውን እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ነገር ግን አሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ወይም ክስ መመሥረት ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ለይቶ ጽፏል። በዚህ ላይ ብቻሽን አይደለሽም፤ ካንቺ ጋር ሱፐርቫይዘር የተባሉ ሌሎች ስድስት ልጆች አሉ ብለሽኛል። አብራችሁ ጻፉ። ማኅበራችሁ ቢደክምም ማኅበር ነውና በእሱ በኩል እለፉ። መልስ ካጣችሁ የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ፤ ከዚያም ካለፈ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ያያል። ስትጽፉ በትሕትና ጻፉ፤ ስድብም ዛቻም አትጨምሩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያዘዛችሁን ሰው ብቻ አስቀምጡ። ትርፍ ሰዓት የሚታሰበው በአሠሪው ትእዛዝ የተሠራው ነውና «ማን አዘዘሽ?» ማለታቸው አይቀርም። በስልክ የላኩልሽ መልእክት ካለ አታጥፊው። የሹመት ደብዳቤሽንና የደመወዝ ወረቀቶችሽን ቅጂ አውጥተሽ ከምትኖሪበት ቤት ውጪ አስቀምጪ።

ለሹመትሽ ደስ አላለኝም ብዬ እንዳይመስልሽ። ሰው አምኖ ሌሎቹን እንድትመሪ መርጦሻል፤ ለእናትሽ ስነግራት እልል አለች። የምልሽ የሠራሽው ይከፈልሽ ነው።

ዋሻው ዘንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ በጣሊያን ዘመን ይህን ተራራ የፈለፈሉትን አስባለሁ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ድንጋይ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ስንት እንደተከፈላቸው የሚነግረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሹፌር እጅ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ከእናትሽ ደግሞ የገብስ ቆሎና በሶ ልኬልሻለሁ። ደብተሩን አስምሬዋለሁ፤ ቀን፣ የገባሁበት፣ የወጣሁበት፣ ያዘዘኝ እያልኩ። ከመስከረም ወዲህ ያለውን የምታስታውሺውን ያህል ዛሬ ማታ ሙዪው፤ ጓደኞችሽም ያስታውሱሽ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ሳትተኚ በፊት በየቀኑ ጻፊ። ማመልከቻችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በስልክ አንብቢልኝ፤ ስታስገቡም ገቢ የተደረገበት ማኅተም ያለው ቅጂ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

የመስከረሙ ሒሳብ መጋቢት 30 ያበቃል። ከዚያ በፊት ይግባ።

አባትሽ