የደብረ ብርሃን ሥላሴ ክዳን

በጐንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በጽድና በወይራ ተከብቦ የሚታየው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተ ደብር ነው፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማውን ባቃጠለ ጊዜም ከእሳት ተርፏል። ገብተን ወደ ላይ ብንመለከት የመላእክት ፊት በረድፍ ተሥሎ ቍልቍል ያየናል። ይህን ሥዕል ከዝናብ የሚጠብቀው በላዩ የተከደነው ሣር ነው።

ሣር ግን ያረጃል። አንድ ክረምት ችላ ቢሉት ውኃው ሠርጎ እንጨቱን ያበሰብሳል፥ ቀለሙንም ያጥባል። ስለዚህ በሀገራችን የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ወንዱ ሣሩን አጭዶ በሸክም ያመጣል፤ ክዳን የሚያውቀው ከመሰላል ላይ ወጥቶ ይከድናል፤ እመቤቶች እንጀራና ጠላ ያቀርባሉ፤ ልጆችም (ለእነርሱ ጨዋታ ነው) ነዶውን ያቀብላሉ።

በብዙ አጥቢያ ዛሬ ቆርቆሮ ሣሩን ተክቶታል። ለድኃ ሰበካ ዕረፍት ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ቀን ይግላል፥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፥ የዝናቡም ድምፅ ቅዳሴውን ይውጠዋል። እንዲህ ያለ ሥዕል ባለበት ቤት እኛ ሣሩን እንመርጣለን። ለዚሁም ምእመናን አስቀድመው የሣር መስክ ከልለው ሊጠብቁ ይገባል፤ እርሻና ግጦሽ ሲሰፋ ረጅም ሣር ከሩቅ ካልሆነ አይገኝምና።