አባቴን ጡረታ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ

ዛሬ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ።

ሐረር ጁገልን የምታውቁ መኪና ግርግርን ታውቃላችሁ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። አባቴ ከ30 ዓመት በላይ እዚያ ሰፍተዋል። እኛን ያሳደጉን፣ እኔንም መድረሳ ያስተማሩኝ በዚያች መኪና ነው።

ዘመኑ ግን ተለወጠ። ጀለቢያውም አባያውም ተሰፍቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ለዒድ ልኩን የሚያስለካ ሰው ቀነሰ። የአባቴም ዐይን ደክሞ ክር የሚያስገባላቸው ልጅ መጥራት ጀመሩ። እኔና ወንድሞቼ ተማከርንና «አባ፣ በቃዎት፤ ከእንግዲህ ዒባዳዎን ያድርጉ፣ የሚያስፈልገውን እኛ እናመጣለን» አልናቸው። መኪናዋን ቤት አምጥተን ጨርቅ አለበስናት። ወላሂ፣ ለወላጅ በጎ የዋልኩ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ወር ሳይሞላ አባቴ ነደባው ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ሰው ሆኑ። ምግብ ቀነሱ። ለፈጅር ቀድመውኝ መስጂድ ይገቡ የነበሩት መዘግየት ጀመሩ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ከዐይናቸው በቀር ይህ ነው የሚባል በሽታ አልተገኘም። አንድ ማታ ከዒሻ ስንመለስ ምን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ምንም አላጎደላችሁብኝም። ግን ‹መቼ ይደርሳል?› ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ» አሉኝ።

ጡረታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ገንዘቡን ነው። ገንዘቡም ቀላል ነገር አይደለም። በ2003 የወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችንም ባለ ጡረታ አድርጓል፤ ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ለራሱ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ግን 11 በመቶውን የሚከፍልለት አሠሪ የለውም፤ ጡረታው ልጆቹ ናቸው። እኛም ድርሻችንን የተወጣን መሰለን። ነገር ግን በመስጂዳችን 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ። ገንዘቡ በየወሩ ይገባላቸዋል። እሳቸውም የሚናፍቁት «ቲቸር» ብሎ የሚጠራቸውን ነው።

ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ይህን ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ንጉሥ ሆነው ዳውድ ያልተዉትን ከአባቴ እጅ የነጠቅኩት ግን እኔው ነኝ።

መኪናዋን ገልጠን በራችን አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀመጥናት። ከዐስር በኋላ የጎረቤት ልጆች የተቀደደ ዩኒፎርም ያመጣሉ። አንድ የመድረሳ ተማሪም ክር እያስገባላቸው ሙያውን ይማራል። ገቢው ከሻይ አያልፍም። ዐይናቸውም አልዳነም፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ዝም ብለው ይውላሉ። ለፈጅር ግን እንደገና ይቀድሙኛል።

ወጣቶች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን «በቃዎት» ከማለታችሁ በፊት ከሥራቸው የትኛው እንደከበዳቸው፣ የትኛውን ማቆየት እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። የከበደውን ተሸከሙላቸው፣ የቀረውን ተዉላቸው። የሚሠሩላችሁንም ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

ትናንት የልጄን ሱሪ ሰጠኋቸውና «አባ፣ መቼ ይደርሳል?» አልኳቸው። «ሥራ በዝቶብኛል፤ ለጁሙዓ ና» አሉኝ።

አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያ ይስጥልን። ኣሚን።