ባቡሩ ያልወጣው ዳገት

ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ ሲነሳ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ወንዶቹ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ ደረታቸው ፈትተው፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን እያራገቡ ይቀመጣሉ። መኪናው የደንገጎን ጥምዝምዝ ዳገት ሲያያዘው ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ቁልፉን ይቆልፋል፣ አንዷ ነጠላዋን ትደርባለች፣ ረዳቱም ሳይነግሩት መስኮቱን ይገፋል። "በረደኝ" የሚል ሰው የለም፤ ሁሉም መንገዱን ያውቀዋል። ከዚያ ሐሮማያን አልፎ፣ የአወዳይን የጫት ገበያ ግርግር ሰንጥቆ ሐረር ይገባል። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ያላቸው የከፍታ ልዩነት ደግሞ 700 ሜትር አካባቢ።

ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ። በአንድ ጠዋት ውስጥ ሁለት ዓይነት አየር ብቻ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ሰላምታ፣ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ የማገኝበት ሌላ መንገድ አላውቅም።

የልዩነቱ ምክንያት ዳገቱ ራሱ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። የምሥራቁ ንግድ ሁሉ ያኔ ሐረር ነው፤ ቡናውም፣ ቆዳውም፣ ነጋዴውም እዚያ ነው። ተራራውን ለመውጣት ግን ወጪው ከበደ። የባቡር ኩባንያው ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ወሰነ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ባቡሩ ደረሰ። የቆመበትን ሥፍራም "አዲስ ሐረር" አሉት። ስሙ አልያዘም። ሰው ድሬ ዳዋ ብሎ ጠራው። ኦሮሞው "የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው" ይላል፣ ሶማሌው "የጎሳችን አባት ድር ጦሩን መሬት ላይ የተከለበት ነው" ይላል፤ ሁለቱም በስሙ ትርጉም አይደራደሩም። እኔ ሁለቱንም ስሰማ ደስ ይለኛል። ገና ከስሟ ጀምራ በሁለት ቋንቋ የምትፈታ ከተማ ናትና።

ሐረር ግን ያኔ የብዙ መቶ ዓመት ከተማ ነበረች። የጀጎልን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አምስቱ በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር። የከተማዋ ልጆች ሐረርን በራሳቸው ቋንቋ "ጌይ" ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው። ቋንቋቸውም ጌይ ሲናን፣ የከተማ ቋንቋ። በዙሪያዋ ካለው ገጠር ተለይታ፣ ከተማነት ራሱ ማንነት ሆኖ የኖረባት አገር ናት። የራሷን ገንዘብ አሳትማለች። ግብፆች ለአሥር ዓመት ይዘዋት ወጡ። በ1879 ዓ.ም አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸነፉና ዘመኗ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ከግንቡ ውስጥ አልወጣም፤ ቤቶቹ ውስጥ አለ።

አንድ ጊዜ ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገባሁ። ጫማዬን ደጃፍ አወለቅሁ። ወለሉ ቀይ ነው፤ በጨለንቆ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ብለው ይተርኩታል። ፊት ለፊት ከወለሉ ከፍ እያሉ የተደረደሩ መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። ለሁሉም ስም አላቸው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው። ሰፊው ጊዲር ነደባ የእንግዳው፤ ሱትሪ ነደባ ወደ ውስጥ ገባ ያለው፣ የቤተሰቡ ጓዳ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ሰሃንና በጎድጓዳ ሰሃን ተሸፍኗል፤ አንድ ክፍተት አልቀረም። እኔ ሳላውቅ ወደ አንደኛው ጥግ ልቀመጥ ስል እመቤቲቱ ክንዴን ይዘው ሰፊው መደብ ላይ አስቀመጡኝና ትራስ ደገፉልኝ። "ያ ያንተ ቦታ አይደለም፤ ይሄ ነው" አሉኝ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። በግንብ የታጠረ ከተማ ሰው የሚጠላ ይመስለኝ ነበር፤ የሐረር ቤት ግን እንግዳው ገና ሳይመጣ ቦታውን ለይቶ የሚጠብቅ ቤት ነው። ከቤቱ መሐል ሰፊው ስፍራ የእንግዳ ነው።

ሰፈሩም እንደዚያው ነው። ከመንገዶቹ አንዷ ጠባብ ከመሆኗ የተነሳ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ አያልፍባትም፤ ስሟ የእርቅ መንገድ ማለት ነው። የተኳረፉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ ማለፍ አይችሉም። ወጣ ብሎ ደግሞ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ልብስ ሰፊዎቹ በሁለት ወገን ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ሲያንቀሳቅሱት ስሙ ከየት እንደመጣ ጆሮ ራሱ ይነግራል።

ድሬ ዳዋ ላይ ግን ቦታ የሚሰጥህ የለም። ራስህ ስበህ ትቀመጣለህ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላ ልጅ አባቷ የሚሆን ሰውዬን "አንተ፣ ሻይህ ቀዘቀዘብህ እኮ አቦ!" ስትለው ሰማሁ። እኔ "እርስዎ" እያልሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ደነገጥሁ። ሰውዬው ግን ሳቅ ብሎ ጠጣ። ሲነሳ ልጅቱ ብድግ ብላ ዱላውን አቀበለችው፣ እስከ መንገዱም ሸኘችው። አክብሮቱ አፏ ላይ አልነበረም፣ እጇ ላይ ነበር። ይህን ለማየት ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ቸኩሎ ያለፈ ሰው "ድሬዎች ክብር አያውቁም" ብሎ ይሄዳል።

ይህን ጠባይ የሠራው ባቡሩ ነው። ጣቢያው ሲቆም ለከተማዋ ሁሉም ሰው አዲስ ነበር። የኢሳ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው፣ ከየመን የተሻገረው ዓረብ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፤ "እኔ ቀድሜ ነበርሁ" ብሎ ሌላውን የሚያስቀምጥ አባወራ አልነበረም። ሠራተኛው ከፈረንሳውያን አለቆቹ ጋር በፈረንሳይኛ፣ ከጎረቤቱ ጋር በሦስት ቋንቋ ያወራ ነበር። ድምፃዊው ዓሊ ቢራ የወጣው ከዚህች ከተማ ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም በሶማልኛም በሐረሪም ማዜኑ ድሬ ላይ ላደገ ሰው ከሰፈር ሰፈር እንደመሄድ ነበር። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሁሉንም ቤት ያስገባል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ይላል። ከተማዋ እንደገና የምትነሳው ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ ያኔ ባጃጁም፣ ቀፊራና ታይዋን የሚባሉት ገበያዎችም አንድ ላይ ይነቃሉ።

"ሐረር ዝግ፣ ድሬ ክፍት" የሚለውን አባባል ግን አልቀበለውም። ድሬም የራሷ ግንብ ነበራት፤ ደቻቱ ይባላል። በአብዛኛው ደረቅ የሆነ የአሸዋ ወንዝ ነው። ከወዲህ በኩል ከዚራ፣ መንገዱ በገመድ የተለካ፣ ዛፍ የተተከለለት፣ የባቡሩ ሹማምንትና የውጭ ዜጎች ሰፈር፤ ከወዲያ መጋላ፣ የአገሬው። ድልድዩን መሻገር ማዕረግ መሻገር ነበር። ይህን ያወሩልኝ የድሬ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሲያወሩትም ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም የሁለቱንም ከተሞች ስም ዓለም የሰማበት ወር ነው። በወሩ መጀመሪያ ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በወሩ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ በደጋው ላይ የወረደው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ ድሬ ላይ ደረሰ፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ተኝተው የነበሩ ናቸው። ላይኛዋ ደስ ብሏት ሳትጨርስ የታችኛዋ ለቅሶ ተቀመጠች። ለቅሶውን ግን ሐረርም ተቀምጣዋለች፤ ዘመድ የሌለው ማን አለና።

ዛሬ የጀጎል በሮች ማታ አይዘጉም። ከዚራ ያለው አሮጌ ጣቢያም ጭር ብሏል፤ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በሩም ጣቢያውም ሥራቸውን ጨርሰዋል፣ ጠባዩ ግን በሰዉ ላይ ቀርቷል።

ሁለቱን ከተሞች ዛሬ የሚያገናኝ ደግሞ ውኃ አለ። ሐረር ለብዙ ዓመት የምትጠጣው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ደረቀ። ሰዉ ጄሪካን ተሸክሞ የሚያድርበት ዘመን መጣ። መፍትሔው የተገኘው ከታች፣ ከድሬ ዳዋ በኩል ካለው ቆላ ነው፤ ድሬ ጃራ ከሚባለው ሥፍራ የተቆፈረው ውኃ በፓምፕ እየተገፋ፣ ባቡሩ ያልደፈረውን ተራራ ወጥቶ ሐረር ይገባል።

እዚያ ቀይ ወለል ያለው ቤት ምሳ ሲቀርብ እመቤቲቱ ማስታጠቢያውን ይዘው መጡ። እጄን እያስታጠቡኝ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው። ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ በአገጫቸው ወደ ደንገጎ አመለከቱ።

"ከታች" አሉኝ፤ "ከልጆቹ ዘንድ።"