ጭምብል የለበሰው ጀግናና የጋዜጣው ባለቤት



ፑሪም ሲቃረብ በሐዴራም ሆነ በጋን ሽሙኤል አካባቢ የሚኖሩ ልጆቻችን ከሁሉ አስቀድመው የሚለምኑን አንድ ልብስ አለ። ቀይና ሰማያዊ ነው፤ የሸረሪት ድር ተስሎበታል፤ ፊትንም ጨርሶ ይሸፍናል። ስፓይደርማን ይሉታል፤ የሸረሪት ሰው ማለት ነው። ታሪኩን ንገሩን ብለን ልጆቹን ስንጠይቃቸው፣ ለጨዋታ የተጻፈ ቢሆንም እኛን የሚመለከት ነገር አገኘንበት። በዚህ እትም ስለ እርሱ ልናወጋችሁ የወደድነው ለዚህ ነው።

ስፓይደርማንን እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠሩት ስታን ሊ የተባለ ደራሲና ስቲቭ ዲትኮ የተባለ ሠዓሊ ናቸው፤ ሁለቱም አሜሪካውያን ነበሩ። ጀግናው እናትና አባቱ የሞቱበት፣ ከአክስቱ ጋር የሚኖር ድኻ ተማሪ ነው። ስሙ ፒተር ፓርከር ይባላል። ጭምብሉን ሲያጠልቅ ሰውን ከእሳትና ከወንበዴ ያድናል። በዚያው ከተማ ጄ. ጆና ጄምሰን የሚባል የጋዜጣ ባለቤት አለ። ይህ ሰው በ1963 በታሪኩ ውስጥ ብቅ ካለበት ጊዜ ጀምሮ ስፓይደርማንን ጠምዶ ይዞታል። የገዛ ልጁ የጠፈር ተጓዥ ነበርና መንኮራኩሩ በተበላሸ ጊዜ ሕይወቱን ያዳነለት ስፓይደርማን ነው። ጋዜጣው ግን አደጋውን ያደረሰው ራሱ ስፓይደርማን ነው፣ ለዝና ብሎ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ደግሞ ፒተር ፓርከር ለኑሮው ሲል የራሱን ፎቶግራፍ እያነሣ ለዚሁ ጋዜጣ መሸጡ ነው። ባለቤቱ ከልጁ በገዛው ፎቶግራፍ ልጁን ይሰድብበታል፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ጄምሰን ለጥላቻው የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ፊቱን የሚሸፍን ሰው የሚደብቀው ነውር አለው ይላል። በ1964 በወጣ ሌላ ክፍል ላይ ግን ብቻውን ሲሆን እውነቱን ለራሱ ያወጣዋል። ያ ሰው ያለ ዋጋ ነፍሱን ለሌላው አሳልፎ ይሰጣል፤ እርሱ ደግሞ ከገንዘብ በስተቀር ምንም አላፈራም፤ ስለዚህ ይቀናበታል።

ልጆቻችን ይህን ከነገሩን በኋላ፣ «ግን እኮ ንጹሕ ከሆነ ለምን ይደበቃል?» ብለው ጠየቁን። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከእኛ የቀረበ ማን አለ?

የፑሪም ታሪክ ራሱ መልሱን ይዟል። አስቴር በንጉሡ ቤት ሳለች ወገኗን አልተናገረችም፤ መርዶክዮስ እንዳትናገር አዝዟት ነበርና። ሕዝቧ ሊጠፋ በቀረበ ጊዜ ግን ማንነቷን ራሷ ገለጠች። ጊዜውን የመረጠችው እርሷ ናት። ሌላ ሰው ቀድሟት ቢያወራባት ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

እኛም በሱዳን ጭምብል ለብሰናል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ዓመታት ከጎንደርና ከትግራይ በእግራችን ተነሥተን በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩ የስደተኞች ጣቢያዎች ስንኖር ቤተ እስራኤል መሆናችንን ደብቀን ነበር። ሱዳን የአረብ ሊግ አባል ነበረች፤ እስራኤልን በጠላትነት ታይ ነበር። ስማችንን ቀየርን። ልጆቻችንን፣ «ኢየሩሳሌም የምትል ቃል ከአፋችሁ እንዳትወጣ» እያልን አስጠነቀቅን። በሰንበት ከጎጇችን ጭስ አለመውጣቱ ጎረቤትን እንዳያስጠረጥር እንሠጋ ነበር። የሞተብንን ሰው እንደ ወጋችን አልቅሰን ለመቅበር እንኳ የፈራንበት ቀን ነበር።

ከመካከላችን ደግሞ ኮሚቴ የምንላቸው ወጣቶች ነበሩ። በሌሊት ይመጣሉ፤ የቤተሰብ ስም ይመዘግባሉ፤ ገንዘብና መድኃኒት ያቀብላሉ፤ «ዛሬ ማታ ተዘጋጁ» ብለው አንሾካሽከው ይሄዳሉ። ተይዘው የታሰሩና የተገረፉ አሉ። ከሁሉ ስሙ የታወቀው ፈረደ አክሉም ነው። መምህር ነበር፤ ፖሊስ ሲፈልገው በ1979 ወደ ሱዳን ሸሸ። ከካርቱም በላከው የድረሱልኝ መልእክት መነሻነት የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ አገኘው፤ ብዙ ሺህ ሰው የተጓዘበት የሱዳን መንገድ እንዲህ ተከፈተ። ፈረደ በ2009 ዐረፈ። ያን ሁሉ ሥራ ሲሠራ ፎቶግራፉን ያወጣ ጋዜጣ አልነበረም፤ ቢያወጣም ኖሮ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይሆነውም ነበር።

አሁን ወደ ጋዜጣው ነገር እንምጣ። በኅዳር ወር 1984 የሙሴ ዘመቻ ተጀመረ። ከገዳሪፍ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም በአንድ የቤልጅግ ኩባንያ አውሮፕላኖች ወደ ብራስልስ፣ ከዚያም ወደ እስራኤል ይበረር ነበር። የሱዳን መንግሥት የፈቀደው ነገሩ በምስጢር እስከተያዘ ድረስ ብቻ ነበር። በውጭ አገር አንዳንድ ጋዜጦች ፍንጭ መስጠት ጀመሩ። በጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ነቁዳ የተባለ የእስራኤል መጽሔት ከአንድ የሶክኑት ባለሥልጣን ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ አወጣ፤ ትልልቆቹ የዕብራይስጥ ጋዜጦችም ተከተሉ፤ ወሬው በመንግሥት ደረጃም ተረጋገጠ። ጃንዋሪ 5 ቀን በረራው ቆመ። እስከዚያ ድረስ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ነበር።

የጻፉት ሰዎች እንደ ጄምሰን ቂም ነበራቸው ለማለት አይደለም። ብዙዎቹ የደስታ ወሬ የሚያበሥሩ መስሏቸው ነበር። ሆኖም የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በማርች 1985 የአሜሪካ አውሮፕላኖች 500 ያህል ሰዎችን ከሱዳን አወጡ። ከዚያ በኋላ የቀረው ወገን ግን በየቦታው ተበታትኖ ቀረ። ባል እዚህ፣ ሚስት ጎንደር፤ ልጅ እዚህ፣ እናት ገጠር ሆነው ስድስት ዓመት የቆዩ ቤተሰቦች ከእኛ መካከል አሉ። አንዳንዱም ሲገናኝ ልጁ የእናቱን ቋንቋ ረስቶ ነበር።

ከዚህ ትምህርት ተወስዷል። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ የእስራኤል ጋዜጦች በወታደራዊ ሳንሱር ትእዛዝ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አላወሩም። ወሬው የወጣው ሰዉ ከገባ በኋላ ነው። ማንም አልተጎዳም፤ ጋዜጦቹም ቢሆኑ ከአንድ ቀን ተኩል በቀር የጎደለባቸው ነገር የለም።

እንግዲህ ጋዜጣ ሁልጊዜ ዝም ይበል እንላለን? አንልም። በጃንዋሪ 1996 ማአሪቭ ጋዜጣ ያወጣውን ነገር ትልልቆቹ ያስታውሱታል። ከኢትዮጵያ የገቡ ሰዎች የሚለግሱት ደም፣ ለራሳቸው ሳይነገራቸው፣ ለዓመታት ሲጣል መኖሩን አጋለጠ። ወታደር ልጆቻችን ክንዳቸውን ዘርግተው፣ «አመሰግናለሁ» ተብለው፣ ብስኩት በልተው ይወጡ ነበር፤ ደማቸው ግን ይደፋ ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 10 ሺህ ያህል ሰው ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰለፈ። ከእኛም መካከል የነበርን አለን። ከዚያ በኋላ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ያ ጋዜጣ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ስንት ዓመት ደማችን ሲደፋ ይኖር ነበር?

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጭምብል አለ ማለት ነው። አንደኛው ደካማው ነፍሱን ለማትረፍ የሚለብሰው ነው፤ የአስቴር፣ የኮሚቴዎቹ፣ በገዳሪፍ ስሟን የቀየረች እናት ጭምብል። ሁለተኛው ኃይል ያለው ሰው እንዳይጠየቅ የሚለብሰው ነው፤ ደሙን ሲጥሉ ለሰጪው ያልነገሩ ሰዎች ጭምብል። ሁለቱም ከሩቅ ሲያዩአቸው ምስጢር ይመስላሉ። መለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ጭምብል ቢወልቅ የሚጎዳው ማን ነው? ቢወልቅ ድኻው የሚሞት ከሆነ ይቆይ። ቢወልቅ በዳዩ የሚያፍር ከሆነ ዛሬውኑ ይውለቅ። ጄምሰን ያን ሁሉ ወረቀት ሲያሳትም ያልጠየቀው ይህን ነው።

ይህን ሁሉ ማንሣታችን ለዕለት ኑሯችንም ስለሚጠቅም ነው። አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች ስለ ማኅበረሰባችን የተጻፈ ጋዜጣ በእጃችሁ ይገባል። አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው። በእኛ ሰፈር ጭምር ስለ ወጣቶች ጥፋት የሚያወራ ጽሑፍ ሲወጣ፣ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ልጆች አውቶቡስ ሲጠብቁ የተነሡት ፎቶግራፍ ከላዩ ተለጥፎ አይተናል። እነዚያው ልጆች ለአረጋውያን ዕቃ ሲሸከሙ የመጣ ካሜራ አልነበረም። ልክ እንደ ስፓይደርማን፣ ፎቶግራፉ የእነርሱ ነው፤ ከሥሩ የተጻፈው ቃል ግን የሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን። አበው፣ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ብለዋል። ስለ እኛ የተጻፈ ነገር ሲመጣ ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችሁን አስነብቧቸውና አብራችሁ ጠይቁ፤ ማን ጻፈው? ከእኛ ወገን ማንን አነጋገረ? ፎቶግራፉ የማን ነው? ቁጥሩን ከየት አመጣው? ስሕተት ካገኛችሁ በቁጣ ወረቀቱን ቀድዳችሁ አትጣሉት፤ አስቀምጡት። ጽሑፉ የወጣበትን ቀን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ኑ፤ ለአዘጋጁ ማስተካከያ ይጠየቃል። ከ1963 ጀምሮ በአገሩ የጋዜጦች ምክር ቤት አለ፤ ማንም ሰው በጽሑፍ አቤቱታ ሊያቀርብለት ይችላል። ጋዜጠኛ ቤታችሁ ቢመጣ እንግዳ ነውና በአክብሮት ተቀበሉት፤ ቡናውም ይፈላ። ሆኖም የምትናገሩት የት እንደሚወጣ ጠይቁት፤ የልጆቻችሁን ፎቶግራፍ ሳትፈቅዱ እንዳያነሣ ንገሩት። ይህ ነውር አይደለም፤ መብት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ብዙ ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችን በሱዳን የለመዱትን ዝምታ እስከ ዛሬ አልተዉትም። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት በዚያን ጊዜ ነፍስ አድኗል። ዛሬ ግን የሚያሳድድ የለም፤ ልጆቻችን ደግሞ ጀግና ሲባል የሚያውቁት በፊልም ያዩትን ብቻ ሆኗል። በመንገድና በሱዳን 4 ሺህ ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል፤ በሄርጸል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እናስባቸዋለን። በሕይወት ያሉት ግን በየቤታችን ተቀምጠዋል። በየቀኑ የምናልፍበት ጋን ሽሙኤል ስሙን ያገኘው ከረቢ ሽሙኤል ሞሂሊቨር ነው፤ ስማቸውን ያቆዩላቸው ሰዎች ስለነበሩ እኛም ዛሬ ስማቸውን እየጠራን አውቶቡስ እንሳፈራለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ይህ ነው። የኮሚቴዎቹን ስም የሚያቆይ ግን ከእኛ በቀር ማን አለ?

ጭምብሉን የሚያወልቀው ባለቤቱ ራሱ ይሁን፤ ከፈለገም አይገደድ። እኛ የምንለምናችሁ ይህን ነው። በሚመጣው ሰንበት ልጆቻችሁ ከአያታቸው አጠገብ ይቀመጡና በአክብሮት አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፤ «አባባ፣ በሱዳን ስምዎ ማን ነበር?» መልሱን በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ብታመጡልን በዚህ ጋዜጣችን እናወጣዋለን፤ አስቀድመን ግን የባለታሪኩን ፈቃድ እንጠይቃለን።